ሲዲፎር እንዴት ይሞታል?

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ ጀበና ቡና የምትሸጥ አንዲት ልጅ ጋ ተቀምጠን ነበር። አብረውኝ የነበሩትን ሰው ጋሼ ነው የምላቸው። ስማቸው ይቅር። ዶሮ ማነቂያ ተወልደው እዚያው ያረጁ የፒያሳ ሰው ናቸው። ኤችአይቪ በደማቸው እንዳለ ካወቁ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ከእኔ ደብቀውት አያውቁም። እንድጽፈውም ፈቅደውልኛል።

ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። የላቦራቶሪ ውጤት ነው። ሐኪም ሳያዛቸው በገዛ ገንዘባቸው ያሠሩት ነው። ጣታቸውን ሲዲፎር ከሚለው አጠገብ ያለው ቁጥር ላይ አሳረፉ። 812።

«ልጄ፣ በ1997 እኔ 41 ነበርኩ። ይኸው 812 ገባሁ። ታዲያ አሁንም መድኃኒቱን ልዋጥ?»

«41 ነበርኩ» ነው ያሉት። «ሲዲፎሬ 41 ነበር» አላሉም። ያንን ዘመን ያለፉ ሰዎች እንዲህ ነው የሚያወሩት። መድኃኒቱ በነጻ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። ያኔ ማን ቶሎ ይጀምር፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስነው በአመዛኙ ይህ ቁጥር ነበር። ሰው ቁጥሩን እንደ ስሙ ይዞት ቢቀር አይገርምም።

እኔ ባዮሎጂ የተማርኩት እዚያው አራት ኪሎ፣ ሳይንስ ፋኩልቲ ነው። መልሱን ወዲያው ነገርኳቸው። «አዎ ጋሼ፣ ይዋጡ።» እሳቸው ግን በዚህ የሚረኩ ሰው አይደሉም። «ለምን?» አሉ። ያቺ «ለምን» ሦስት ሲኒ ቡና ፈጀች። እዚህ የማሰፍረው የዚያን ቀን ጨዋታችንን ነው፤ ቤቴ ገብቼ ያጣራሁትንም ጨምሬበታለሁ።

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። ሲዲፎር የአንድ ፕሮቲን ስም ነው። አንዳንድ ነጭ የደም ሴሎች ላይ እንደ ባጅ ተለጥፎ ይገኛል። ባጁን የያዙት በዋናነት ቲ ሴል ከሚባሉት ወገን ናቸው። ሥራቸው ማስተባበር ነው። ጀርም ሲገባ ሌሎቹን ይጠራሉ። ገዳዮቹን ቲ ሴሎች ያነቃሉ። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱትን ሴሎች ያበረታሉ። ጤነኛ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደሙ ውስጥ ከ500 እስከ 1,500 ያህል ይኖሩታል። አንዲት የደም ጠብታ ወደ 50 ማይክሮሊትር ገደማ ናት። እንግዲህ የጋሼ 41 የተቆጠረው ከጠብታዋ አንድ ሃምሳኛ ውስጥ ነው።

ኤችአይቪ ወደ ሴሉ የሚገባው ያንኑ ባጅ ጨብጦ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችን የምናውቀው ታሪክ ቀላል ነው። ቫይረሱ ይገባል፣ ይራባል፣ ሴሉን አፈንድቶ ይወጣል። «ሲዲፎርን ይበላል» እንላለን። ነገር ግን ሂሳቡ አልገጥም ብሎ ሳይንቲስቶችን ለዓመታት አስጨንቋቸዋል። ቫይረስ የሚያመርቱት ሴሎች ጥቂት ናቸው። የሚሞቱት ደግሞ ብዙ። የቀሩትን ምን ገደላቸው?

ገዳያቸው ከውስጣቸው ነው። ሴሎቹ ራሳቸውን ያጠፋሉ።

መሞት የሚያውቅ ሴል

ጋሼ ይህን ሲሰሙ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። እውነትም ለጆሮ ይከብዳል። ለቲ ሴል ግን እንግዳ ነገር አይደለም። ከሌሎች ሴሎች ይልቅ ሞትን ያወቀ ሴል ቢኖር ቲ ሴል ነው።

ቲ ሴሎች ዘራቸው ከአጥንት መቅኔ ነው። ከዚያ ታይመስ ወደምትባል ዕጢ ይሄዳሉ። ታይመስ ከፍርምባ አጥንታችን ጀርባ፣ ከልብ ከፍ ብላ የምትገኝ ናት። ትምህርት ቤታቸው እሷ ናት። ፈተናው ግን ከባድ ነው። ከገቡት መቶ ሴሎች 95ቱ፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ የሚሆኑት፣ በሕይወት አይወጡም። ምንም መለየት የማይችለው ሴል የሚያቆየው መልእክት ስለማይደርሰው ይሞታል። የገዛ አካላችንን እንደ ጠላት አጥብቆ የሚይዘው ደግሞ እንዲሞት ይታዘዛል። ይህ ባይሆን ኖሮ ሰውነታችን ራሱን በራሱ ያጠቃ ነበር።

ፈተናውን ያለፉት በደምና በንፍፊት ውስጥ ይዘዋወራሉ። ጉንፋን ያዘን እንበል። ያንን ቫይረስ የሚያውቁት ጥቂት ቲ ሴሎች ይነቁና በቀናት ውስጥ በሺዎች እጥፍ ይራባሉ። አንገታችን ሥር ንፍፊት የሚያብጠው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ከዚያ ጉንፋኑ ያልፋል። ንፍፊቱም ይጎድላል። እነዚያ ሁሉ ሴሎች የት ገቡ? ከ90 እስከ 95 በመቶዎቹ ሞቱ። ጥቂቶቹ ያንን ጀርም እያስታወሱ ለዓመታት ይቆያሉ።

የሞት ትእዛዙ በሁለት በኩል ይመጣል።

አንደኛው ከውስጥ ነው። ቲ ሴል በሕይወት ለመቆየት «ኑር» የሚለው ያስፈልገዋል። እንደ ኢንተርሉኪን 2 እና ኢንተርሉኪን 7 ያሉ ፕሮቲኖች ይህን መልእክት ያደርሱለታል። መልእክቱ እስካለ ድረስ ቢሲኤል 2 የሚባል ጠባቂ ፕሮቲን ይበረታል። መልእክቱ ሲቀንስ ቢም የሚባለው ተቃራኒው ያይላል። ያኔ የሴሉ ጉልበት ማመንጫ የሆነው ማይቶኮንድሪያ ይሸነቆራል። ሳይቶክሮም ሲ የሚባል ፕሮቲን ከውስጡ ይፈሳል። እሱ ሲፈስ ካስፔዝ የሚባሉት ኢንዛይሞች ይነቃሉ። ካስፔዝን እንደ መቀስ አስቡት። ሌሎች ፕሮቲኖችን እየመረጠ ይቆርጣል።

ሁለተኛው ትእዛዝ ከውጭ ነው። ቲ ሴል ሽፋኑ ላይ ፋስ የሚባል ተቀባይ አለው። ሌላ ሴል የፋስን ተጣማሪ ይዞ ይመጣና ይነካዋል። ፋሶቹ ይሰበሰባሉ። ከሽፋኑ በታች ፋድ የሚባል ፕሮቲን ይጠራሉ። ፋድ ደግሞ ካስፔዝ 8ን ይሰበስባል። መቀሶቹ በዚህም በኩል ይከፈታሉ።

ይህ መንገድ ሲበላሽ ምን እንደሚሆን በ1995 እ.ኤ.አ. በሕፃናት ላይ ታየ። የፋስ ጂናቸው የተበላሸ ልጆች ነበሩ። ንፍፊታቸው ያብጣል፣ ግን አይጎድልም። ጣፊያቸው ያድጋል። መሰናበት የነበረባቸው ቲ ሴሎች ተከማችተው ይቀራሉ። የሰውነት መከላከያቸውም የልጆቹን የገዛ ደም ሴሎች ያጠቃል። እኔ ይህንን በተማርኩ ቀን ለረጅም ሰዓት ከአእምሮዬ አልወጣም። ሴል አልሞት በማለቱ ልጅ ይታመማል።

ቤት ማፍረስ፣ ቤት ማቃጠል

«እሺ፣ ሲሞት ምን ይሆናል? ይበሰብሳል?» አሉ ጋሼ።

ቃል ፍለጋ ትንሽ ተቸገርኩ። ከዚያ ቤታቸው ትዝ አለኝ። በ2016 ዶሮ ማነቂያ ሲፈርስ የእሳቸውም ቤት ፈርሷል። ያፈረሱት ራሳቸውና ልጆቻቸው ናቸው። እኔም ዕቃ ልይዝላቸው ሄጄ ነበር። መጀመሪያ ቆርቆሮው ወረደ፣ አንድ በአንድ። ጋሼ ሚስማሩን በመዶሻ እያቃኑ ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ይጥሉ ነበር። ቀጥሎ በሩ ከነመቃኑ ወጣ። መስኮቶቹ በብርድ ልብስ ተጠቀለሉ። ማገሩ በሲባጎ ታሰረ። ሁሉም አይሱዙ ላይ ተጫነ። ግድግዳ ተጋርተዋቸው የሚኖሩት ጎረቤት ገና አልለቀቁም ነበር። የእሳቸው ግድግዳ አልተነካም።

«እንደዚያ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ይህ ሞት አፖፕቶሲስ ይባላል። ስሙ የወጣው በ1972 እ.ኤ.አ. ነው። ኬር፣ ዋይሊ እና ከሪ የሚባሉ ሦስት ተመራማሪዎች ከግሪክኛ ወሰዱት። ትርጉሙ ከዛፍ ላይ ቅጠል ሲረግፍ ማለት ነው። ካስፔዞች ሲነቁ ሴሉ ይኮማተራል። ዲኤንኤው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ሽፋኑ ሳይቀደድ ትናንሽ ጥቅል እየሆነ ይለያያል። ከሽፋኑ ወለል በውስጥ በኩል የነበረ አንድ ቅባት ወደ ውጭ ይገለበጣል። እሱ «ኑ አንሱኝ» ማለት ነው። ማክሮፌጅ የሚባሉት ትልልቅ ሴሎች መጥተው ይውጡታል። ምንም አይፈስም። ጎረቤት አይቆጣም። እርስዎ ይህን እስኪያነቡ ድረስ ሰውነትዎ ውስጥ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሴሎች እንዲህ ተሰናብተዋል። አንዱም አላመመዎትም።

ሌላም ሞት አለ። ፓይሮፕቶሲስ ይባላል። ከእሳት ጋር የተያያዘ ስም ነው። ትእዛዙን የሚሰጠው ካስፔዝ 1 ነው። እሱ ጋስደርሚን ዲ የተባለውን ፕሮቲን ይቆርጣል። የተቆረጠው ጋስደርሚን የሴሉን ሽፋን ይበሳዋል። ውሃ ይገባል። ሴሉ ያብጣል፣ ይፈነዳል። በውስጡ ያለው ሁሉ ይፈሳል። ከሚፈሰው መሃል ኢንተርሉኪን 1 ቤታ የሚባለው አለ። እሱ የእሳት አደጋ ደወል ነው። የሰውነት ቁጣ (ኢንፍላሜሽን) ያስነሳል፣ ትኩሳት ያመጣል፣ ሌሎች ሴሎችን ወደ ቦታው ይጠራል።

ሳልሞኔላን የመሰለ ባክቴሪያ ሴል ውስጥ ሲደበቅ ይህ ሞት ጥሩ መሣሪያ ነው። መደበቂያውን ያፈርስበታል። በኤችአይቪ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

በ2014 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የግላድስቶን ተቋም ቡድን አንድ ጥናት አወጣ። ቡድኑን የመሩት ዋርነር ግሪን ናቸው። የሠሩት በደም ብቻ አልነበረም። በቀዶ ሕክምና የወጣ ቶንሲልና ሌላ የንፍፊት ሕብረ ሕዋስ ተጠቀሙ። ሲዲፎር በብዛት የሚኖረውም የሚሞተውም እዚያ ስለሆነ ነው። ያገኙት ነገር ይህ ነው። ከሚሞቱት የሲዲፎር ሴሎች ከ95 በመቶ በላዩ ቫይረስ የሚያመርቱ አይደሉም። አርፈው የተቀመጡ ሴሎች ናቸው።

ቫይረሱ ወደ እነሱ ይገባል። የዘር መልእክቱን የያዘበትን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ መገልበጥ ይጀምራል። ግን ሴሉ ያረፈ ስለሆነ ለሥራው የሚሆን ግብዓት አያገኝም። ቅጂው ግማሽ ላይ ይቋረጣል። ቫይረሱ ከሸፈ ማለት ነው። ሆኖም የተቋረጠው ዲኤንኤ ቁርጥራጭ ሴሉ ውስጥ ይቀራል። አይኤፍአይ 16 የሚባል ጠባቂ ፕሮቲን ቁርጥራጩን ያገኘዋል። ዲኤንኤ መገኘት የሌለበት ቦታ ስለሆነ ደወሉን ይደውላል። ካስፔዝ 1 ይነቃል። ሴሉ ይፈነዳል።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ያ ሴል ቫይረሱ እንዳይራባበት አድርጎ ነበር። የገደለው የከሸፈው ሙከራ ፍርፋሪ ነው። ለፍርፋሪው ብሎ ቤቱን ከነጎረቤቱ አቃጠለ።

ሰፈር ውስጥ እሳት ሲነሳ ሰው ባልዲውን ይዞ ይሮጣል። ቲ ሴሎችም እንዲሁ። ደወሉን ሰምተው የሚመጡት አዳዲስ የሲዲፎር ሴሎች ቫይረሱ ወዳለበት ይገባሉ። እነሱም ይያዛሉ። እነሱም ይፈነዳሉ። ደወሉ እንደገና ይደወላል። በእርግጥ ቫይረሱን እያመረቱ በአፖፕቶሲስ የሚሞቱም አሉ፤ ጥቂቶቹ ናቸው። ቁጥሩን ከ800 ወደ 41 ለማውረድ ዓመታት የሚፈጀው፣ ግን የማይቆመው፣ በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው።

መድኃኒቱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ዛሬ አብዛኛው ታካሚ በቀን አንድ ፍሬ ይውጣል። በአንዷ ፍሬ ውስጥ ሦስት መድኃኒት አለ። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ቅጂውን ያቋርጣሉ። ዶሉቴግራቪር ቫይረሱ ከሴሉ ጂን ጋር እንዳይቀላቀል ይከለክላል። አዲስ ቫይረስ ካልተመረተ አዲስ ሴል አይወረርም። እሳቱ ማገዶ ያጣል። ታይመስና ሌሎቹ ቀስ እያሉ የጎደለውን ይተካሉ። የጋሼ 812 የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ስለ ቁጥሩ አንድ ነገር ልጨምር፤ የእኛው ስለሆነ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሰው ፓስተር በሚለው የምርምር ተቋም የኢትዮጵያና የኔዘርላንድስ የኤድስ ምርምር ፕሮጀክት ነበር። በ1999 እ.ኤ.አ. ዶ/ር ፀሐይነሽ መሰለና ባልደረቦቻቸው ጤነኛ ኢትዮጵያውያንን ከጤነኛ ሆላንዳውያን ጋር አነጻጸሩ። የኢትዮጵያውያኑ ሲዲፎር ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ገና ሥራ ያልጀመሩ ቲ ሴሎቻቸው ያነሱ፣ የነቁት ደግሞ የበዙ ነበሩ። ከሚጠረጠሩት ምክንያቶች አንዱ ከልጅነት ጀምሮ የሚያጋጥመን የኢንፌክሽን ብዛት ነው፤ የሆድ ትላትልም ይጨመርበታል። የነቃ ቲ ሴል ለሞት ትእዛዝ የቀረበ ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. በአገራችን የተሠራ ሌላ ጥናት የትላትል ሕክምና በደም ያለውን የቫይረስ መጠን ከመቀነስ ጋር እንደሚያያዝ አሳየ። በኋላ ኬንያ ውስጥ የተደረገ ሰፊ ሙከራ ግን በየጊዜው የትላትል መድኃኒት መስጠቱ የበሽታውን ግስጋሴ እንዳልገታ አረጋገጠ። የትላትል ኪኒን የኤችአይቪን መድኃኒት አይተካም። ከጥናቱ እኔ የያዝኩት ሌላ ነው። የአንድን አዲስ አበቤ ሲዲፎር አውሮፓ ካለ ዘመድ ቁጥር ጋር እያነጻጸሩ መጨነቅ አያስፈልግም።

አሁን ወደ ጋሼ ጥያቄ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ማቆም ይቻላል ወይ? ይህ ጥያቄ በሰው ላይ ተፈትኗል። ስማርት የሚባለው ጥናት በ33 አገሮች 5,472 ሰዎችን ይዞ ነበር። ለግማሾቹ ሲዲፎራቸው ከ350 ሲያልፍ መድኃኒቱ ይቋረጣል። ከ250 ሲወርድ ይቀጥላል። የቀሩት ያለማቋረጥ ይወስዳሉ። ጥናቱ ሳያልቅ በ2006 እ.ኤ.አ. ቆመ። ያቋረጡት ሰዎች በኤድስ ነክ በሽታ የመያዝ ወይም የመሞት ዕድላቸው 2.6 እጥፍ ሆኖ ስለተገኘ ነው። የልብ፣ የኩላሊትና የጉበት በሽታም በዝቶባቸዋል። ይህ የመጨረሻው ከእሳቱ ጋር ይገናኛል። ቫይረሱ ሲመለስ ቁጣው በንፍፊት ብቻ አይወሰንም፤ የደም ሥርም ይጎዳል። እኔ ደህና ነኝ የሚል ሰው ሰውነቱ ውስጥ ደወሉ እየተደወለ ሊሆን ይችላል።

ይህን አሁን የምጽፈው ያለምክንያት አይደለም። በጥር 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ሲያቆም የኤችአይቪ ሥራችን ተናግቷል። በዕርዳታው ገንዘብ የተቀጠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ የጤና ሠራተኞች ሥራቸውን አጥተዋል። ከእነሱ መሃል ቀጠሮ የቀረን ሰው ስልክ ደውለው የሚፈልጉ ነበሩ። ኢትዮጵያ ውስጥ 600 ሺህ ገደማ ሰው ከቫይረሱ ጋር እንደሚኖር ይገመታል። ከእነዚህ መሃል ስንቱ እንደ ጋሼ «አሁንስ ይበቃኝ ይሆን?» እያለ ነው? የሚደውልለት ሰው ሲጠፋ ያ ሐሳብ ይበረታል። ጠበል ገብቼ ድኛለሁ ብሎ የተወም አለ። አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም አብረው እንዲወሰዱ ለምእመናን በይፋ መናገራቸውን ማስታወስ ይጠቅማል።

ጋሼ ሦስተኛዋን ሲኒ እየጨረሱ የመጨረሻውን ጠየቁ። «ሃያ ዓመት ሙሉ ከዋጥኩ፣ ለምን አላለቀም ታዲያ?»

ከጥያቄዎቻቸው ሁሉ ከባዱ ይህ ነበር። ከሲዲፎር ሴሎች አንዳንዶቹ የቫይረሱን ጂን ውጠው ይተኛሉ። ቫይረስ አያመርቱም። ስለዚህ መድኃኒቱ አያገኛቸውም፣ መከላከያውም አያያቸውም። ሊመለስ የሚችል ቫይረስ የያዙት ካረፉት የሲዲፎር ሴሎች ከሚሊዮን አንድ ገደማ ናቸው። መድኃኒት ሲቆም ቫይረሱ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ የሚመለሰው ከእነሱ ነው። ብዙዎቹ ሞት የሚፈሩ ሴሎች ናቸው፤ ቀደም ብዬ ያነሳሁት ቢሲኤል 2 ይጠብቃቸዋል። ለደም ካንሰር የተሠራ ቬኔቶክላክስ የሚባል መድኃኒት አለ። ቢሲኤል 2ን ይይዘዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የሰው ሴል በተተከለላቸው አይጦች ላይ ሞከሩት። ዋናው ሕክምና ከተቋረጠ በኋላ ቫይረሱ የሚመለስበትን ጊዜ አዘገየው፤ አላስቀረውም። በሰው ላይ ያለው ሙከራ ገና ጅምር ነው። ሌሎቹ ሴሎች እንዳይሞቱ ሃያ ዓመት ከደከምን በኋላ፣ እነዚህን ጥቂቶች እንዲሞቱ ማስተማር ቀረን።

ጋሼ ወረቀቱን አገላበጡት። በጀርባው ለመጻፍ እስክሪብቶ ጠየቁኝ።

«እንግዲህ ለቀጠሮዬ ሐኪሟን ሲዲፎር ሳይሆን ምን ልጠይቃት?»

«ቫይራል ሎድ። በደምዎ ያለው የቫይረስ መጠን ማለት ነው።»

በትልልቁ ጻፉት። ወረቀቱን በዚያው እጥፋት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ታክሲ ለመያዝ ተነሡ። አሁን የሚኖሩት ከፒያሳ ሩቅ ነው። መድኃኒታቸውን የሚውጡት ማታ 3 ሰዓት ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ቤት መግባት ነበረባቸው።